ተራ ለተራ ሰው ብቻ ነውን?

በዓል በተቃረበ ቁጥር በአዲስ አበባ ከተማ ሁለት ነገሮች ተከታትለው ይመጣሉ። አንደኛው የዋጋ ቅናሽ ማስታወቂያ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ቅናሹን ለማግኘት የሚደረገው ግፊያ ነው። በእንቁጣጣሽ፣ በገና ወይም በፋሲካ ሰሞን በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ ደጃፍ፣ በበዓል ባዛር ድንኳን ውስጥ፣ ወይም «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ጨርቅ በሰቀለ የልብስ መደብር በር ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ ሰልፍ የሚባለው ነገር በከተማችን ምን ያህል እንደ ተለመደ፣ ምን ያህልም በቀላሉ እንደሚፈርስ ሊረዳ ይችላል። ሰልፉን ከበስተኋላ ሲያዩት እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ያለ ነው፤ ወደ መስኮቱ እየቀረበ በሄደ መጠን ግን እየሰፋ ይሄድና ጫፉ ላይ እንደ መጥረጊያ ጭራሮ ተበትኖ ይገኛል። ከኋላ ያሉት ይጠብቃሉ፤ ከፊት ያሉት ይጋፋሉ፤ ከጎን የመጡት ደግሞ ገዝተው ይሄዳሉ።

አንዳንድ አንባቢዎቻችን «ከዚህ የሚበልጥ ስንት ቁም ነገር ሞልቶ ሳለ ስለ ዘይትና ስለ ሸሚዝ ሰልፍ መጻፍ ምን ይጠቅማል?» ይሉን ይሆናል። እኛ ግን ነገሩን ትንሽ ሆኖ አላገኘነውም። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብለው የተረቱት፣ ሰውን የሚያንገበግበው የጠፋበት ነገር ትልቅነት ሳይሆን ነገሩ የጠፋበት መንገድ መሆኑን ስላወቁ ነው። በሰልፍ ላይ ቆሞ ተራውን የተቀማ ሰው የጠፋበት ነገር አሥር ደቂቃ ወይም አንድ ሊትር ዘይት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያቺ አሥር ደቂቃ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ናትና እስከ ማታ ድረስ ከሆዱ አትወጣም።

የቃሉ ትርጉም

«ተራ» የሚለው ቃላችን ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ያመለክታል። በመርካቶ በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ጎማ ተራ ስንል አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድነት የሚሸጥበትን ስፍራ ማለታችን ነው። «ተራህን ጠብቅ» ስንል ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አመጣጡ የሚደርሰውን ጊዜ ማለታችን ነው። «ተራ ሰው» ስንል ግን ማዕረግ የሌለውን፣ አለሁህ ባይ ዘመድ የሌለውን፣ ስሙ የማይታወቀውን ሰው ማለታችን ነው። ሰልፍ የሚሰብሩ ሰዎችን ጠባይ ላስተዋለ ሰው፣ እነዚህን የመጨረሻዎቹን ሁለት ትርጉሞች አንድ ላይ ያደባለቁ ይመስላሉ። ተራ መጠበቅ የተራ ሰው ዕጣ ነው ብለው ያስባሉና።

ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ዋናው ነገርም ይኸው ነው። ሰልፍ የሰበረው ሰው ያጠፋው የሥነ ሥርዓት ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የራሱ ያልሆነውን የሌሎችን ጊዜ ወስዷል። ሰልፍ የሚያሰብረው ሻጭ ደግሞ የራሱ ያልሆነውን ንብረት ለሌላ ሰው መርቆ ሰጥቷል። ዕቃው የባለ ሱቁ ነው፤ ተራው ግን የተሰለፉት ሰዎች ነው።

የበር ላይ ወግና የመስኮት ላይ ወግ

በበር ላይ ስንገናኝ ያለን ወግ ለእንግዳ ሰው የሚያስቀና ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ደጃፍ ላይ የደረሱ እንደ ሆነ «ይለፉ»፣ «ኧረ አይሆንም፣ እርስዎ ይለፉ»፣ «በሞቴ!» እየተባባሉ፣ ከኋላ የመጣው ሦስተኛ ሰው መግቢያ እስኪያጣ ድረስ ቆመው ይግደረደራሉ። በማዕድ ዙሪያም ታላቅ ሳይጀምር ታናሽ እጁን አይሰድም። እነዚሁ ሰዎች ከአንድ ሰዓት በኋላ በሱቅ መስኮት ፊት ሲገናኙ ግን «በሞቴ» ይቀርና ክርን ይተካል።

ይህ የሆነበት ምክንያት የጠባይ ክፋት አይመስለንም። የበር ላይ ጨዋነታችን የቆመው በይሉኝታ ላይ ነው። ይሉኝታም የሚሠራው ከሚያውቁን፣ ነገ ከምንገናኛቸው፣ «እገሌ ባለጌ ነው» ብለው ሊያሙን ከሚችሉ ሰዎች ጋር ነው። ሰልፍ ግን የማይተዋወቁ ሰዎች ማኅበር ነው። ከፊት የቆመውን አናውቀውም፤ ከኋላ የቆመችውንም ዳግመኛ አናያት ይሆናል። ስለዚህ በትንሽ መንደር ይበቃ የነበረው ይሉኝታ፣ በሚሊዮን በሚቆጠር ሕዝብ ከተማ ውስጥ ብቻውን አይበቃም። ሰልፍ ማለት ለማናውቀው ሰው የምንሰጠው «ይለፉ» ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

አንዳንዶች ሰልፍ የፈረንጅ ልማድ ስለ ሆነ እኛ ዘንድ አይጸናም ይላሉ። ይህ አባባል ትክክል አይደለም። በወፍጮ ቤት እህሉ በስልቻና በጆንያ ሆኖ እንደ አመጣጡ ሲደረደር፣ በቦኖ ውኃ ዙሪያ ባለቤቶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ጀሪካኖቹ ብቻቸውን ተራ ሲጠብቁ ያላየ ማን ነው? ባለቤት የሌለበትን ጀሪካን ወደ ኋላ ገፍቶ የራሱን ከፊት ያስቀመጠ ሰው በሰፈሩ ውስጥ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ዕቁብንም መመልከት ይቻላል። በዕቁብ ሀብታሙም ድሃውም ዕጣው እስኪወጣለት ይጠብቃል፤ «እኔ ትልቅ ሰው ስለ ሆንሁ አስቀድሙልኝ» የሚል የለም፤ ቢል እንኳ የሚሰማው የለም። እንግዲያው ተራ የመጠበቅ ልማድ አለን። የጎደለን ይህን ልማድ ከሰፈር አውጥተን እስከ ገበያው መስኮት ማድረሱ ነው።

ሰልፍ የሚሰብሩ ሰዎች

ሰልፍ የሚሰብሩ ሰዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። የመጀመሪያው ጠያቂው ነው። ይህ ሰው መግዛት የፈለገ መስሎ አይታይም፤ «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ» ብሎ አንገቱን በመስኮቱ ያስገባል። ጥያቄው ዋጋው ስንት ነው ከማለት ይጀምርና ገንዘቡን በማቀበል ያበቃል። ሁለተኛው ዘመደ ብዙው ነው። ከሰልፉ መካከል አንድ የሚያውቀው ሰው ያገኝና የናፍቆት ሰላምታ ይሰጣል፤ ጨዋታው ሲረዝም ሰልፉ ይንቀሳቀሳል፤ እርሱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሦስተኛው በአንድ ሰው ቦታ አምስት ሰው የሚያስገባው ነው። ማለዳ አንድ ልጅ ያቆምና መስኮቱ ሊከፈት ሲል ቤተሰቡን በሙሉ ይጠራል። አራተኛው ተራን የሚነግደው ነው። ለራሱ የሚገዛው ነገር የለውም፤ ወረፋ ይይዝና ለቸኮለ ሰው ይሸጣል፤ አለበለዚያም ዕቃውን በቅናሽ ገዝቶ ማዶ ተሻግሮ ያተርፍበታል። አምስተኛውና ከሁሉም የሚከፋው ግን በሰልፉ ላይ ጨርሶ የማይታየው ነው። እርሱ በጓሮ በር ገብቶ በጓሮ በር ይወጣል።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በቀላል ሒሳብ ማስላት ይቻላል። አንድን ሰው ለማስተናገድ 3 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በሰልፉ ላይ 40 ሰዎች ቆመው ሳለ አንድ ሰው ከፊታቸው ቢገባ፣ እርሱ ያተረፈው የራሱን ጊዜ ብቻ ሲሆን ከአርባዎቹ ላይ የወሰደው ግን ከእያንዳንዳቸው 3 ደቂቃ፣ በጠቅላላው 120 ደቂቃ ነው። እንዲህ ያሉ አምስት ሰዎች ቢገቡ 600 ደቂቃ፣ ማለትም 10 ሰዓት ይሆናል። ይህ ከአንድ ሰው የሙሉ ቀን ሥራ ይበልጣል። ሌባ ከአርባ ሰው ኪስ ጥቂት ጥቂት ሳንቲም ቢያወጣ ፖሊስ እንጠራለን፤ ከአርባ ሰው ዕድሜ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ የሚያወጣውን ግን «ቸኩሎ ነው» ብለን እናልፈዋለን።

ደግሞም ጉዳቱ በሁሉ ላይ እኩል አይወድቅም። በሻጩ ዘንድ የሚያውቀው ሰው ያለው፣ ክርኑ የበረታው፣ ድምፁ የሚያስፈራው ሰው ምንጊዜም አይቸገርም። ተራው የሚፈርስበት የቀን ሠራተኛው ነው፤ ሰልፍ ላይ የዋለበት ቀን ደመወዝ አይከፈለውምና። ሕፃን ያዘለችው እናት ናት፤ ልትጋፋ አትችልምና። ጡረታ የወጡት አዛውንት ናቸው፤ መጮህ ያፍራሉና። የቅናሽ ሽያጭ የሚደረገው ኑሮ ለከበደው ሰው ነው ከተባለ፣ ሰልፉ በፈረሰ ጊዜ ቅናሹ የሚደርሰው ላልተቸገረው ሰው ነው ማለት ነው። ስለዚህም ሰልፍ የሌለው ቅናሽ ለድሃው የታሰበውን እህል ለባለ ክርኑ እንደ መስፈር ይቆጠራል።

እጥረቱ ነው የሚሉ

በዚህ ነገር ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መከራከሪያ «ዕቃ ስለሚያጥር ነው፤ ዕቃ ቢትረፈረፍ ማን ይጋፋ ነበር?» የሚለው ነው። ይህ አባባል ግማሽ እውነት አለው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ካቋቋመ በኋላ፣ በደርግ ዘመን ብዙው የከተማ ሰው ስኳሩንና ሌላውንም ሸቀጥ ከቀበሌ ሱቅ በኩፖን ይገዛ ነበር። በዚያ ዘመን ማለዳ ያልወጣ፣ ወይም ድንጋይ አስቀምጦ ቦታ ያልያዘ ሰው ባዶ ዘንቢሉን ይዞ ይመለስ ነበር። «የዘገየ አያገኝም» የሚለው ፍርሃት ያኔ በሰው ልብ ገባ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ ፍርሃቱ ግን ከወላጅ ወደ ልጅ ተላለፈ። ከዚያም ወዲህ ስኳርና የምግብ ዘይት በጠፉ ጊዜ ሁሉ ይኸው ፍርሃት እንደ ገና እየታደሰ መጣ።

ግማሹ እውነት ይህ ነው። ሌላውን ግማሽ ለማየት ግን ከሱቁ ደጃፍ ወደ ታክሲ መሳፈሪያው መሄድ ይበቃል። በመገናኛ፣ በሜክሲኮ ወይም በአራት ኪሎ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ የሚቆመውን ረጅም የታክሲ ሰልፍ እንመልከት። እዚያም እጥረት አለ፤ ሰዉ ብዙ ነው፤ ታክሲው ጥቂት ነው። ከዓመታት በፊት በዚሁ ስፍራ ሰው በመስኮት ይገባ፣ ልብሱ ይቀደድ፣ ኪሱ ይራቆት እንደ ነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ዛሬ ግን ከሞላ ጎደል ያው ሕዝብ ዝናብ እየመታው እንኳ አንዱ ከአንዱ ኋላ ቆሞ ይጠብቃል። ከጎን ሊገባ የሞከረ ሰው የተገኘ እንደ ሆነ ከአሥር አፍ «ሰልፍ! ሰልፍ!» የሚል ድምፅ ይነሣበታል።

እንግዲህ ያው ሰው፣ በያው እጥረት፣ በያው ከተማ፣ ስለምን በአንዱ ስፍራ ጨዋ በሌላው ስፍራ ተጋፊ ይሆናል? ልዩነቱ ያለው በሰዉ ሳይሆን በአሠራሩ ነው ብለን እናምናለን። ታክሲው የሚጭነው በሁሉ ፊት ከሰልፉ ራስ ነው። የጓሮ በር የለውም። ስንት ሰው እንደሚይዝ ይታወቃል፤ አሥራ ሁለት ሰው ከጫነ አሥራ ሦስተኛው ቀጣዩን መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል። በሱቁ ደጃፍ ግን ስንት ኩንታል እንደ ገባ፣ ለስንት ሰው እንደሚበቃ፣ ማን በየት በኩል ገዝቶ እንደ ወጣ የሚታወቅ ነገር የለም። ሰው ድካም አይገፋውም፤ የሚገፋው ጥርጣሬ ነው። ቢጠብቅ እንደሚያገኝ የሚያምን ሰው ይጠብቃል፤ ቢጠብቅ እንደሚቀር የሚጠረጥር ሰው ይጋፋል።

ከመስኮቱ በስተ ውስጥ

ስለዚህ የሰልፉን መፍረስ በገዢው ላይ ብቻ ጭነን ማለፍ አይገባንም። ሰልፍ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ ነው። ሻጩ ከሰልፉ ራስ ላይ ያለውን ሰው ትቶ ከጎን ለተዘረጋው እጅ ባቀበለ ጊዜ፣ ቀሪው ሰው ሁሉ ጎኑ ከፊቱ እንደሚሻል ይማራል። ከዚያ ወዲያ ተራ ጠብቁ ቢባል የሚሰማ የለም፤ ዳኛው ራሱ ሕጉን አፍርሶታልና።

ሌላውም የመስተንግዶ ጉድለት ከዚህ የራቀ አይደለም። ሰው ሁለት ሰዓት ቆሞ መስኮቱ ላይ ሲደርስ ሻጩ ቀና ብሎ ሳያየው «አልቋል» ይለዋል፤ መደርደሪያው ሥር ያለው ካርቶን ግን ከውጭ ይታያል። ዘይት የፈለገውን ሰው ያልፈለገውን ሳሙና ካልጨመርህ አንሸጥልህም ይሉታል። መልስ ሲጠይቅ በሳንቲም ፈንታ ማስቲካ ወይም ከረሜላ ይሰጡታል፤ ነገ እርሱ በማስቲካ ዘይት ልግዛ ቢላቸው ግን አይቀበሉትም። በልብስ መደብሩም ቅናሽ የተባለው ዋጋ የትናንቱ ዋጋ ሆኖ ሲገኝ፣ የተሰረዘው ትልቁ ቁጥር ዛሬ ጠዋት በእስክሪፕቶ የተጻፈ ሆኖ ይታያል። ጉድለት ያለበትን ዕቃ ይዞ ለተመለሰ ሰው ደግሞ በግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሑፍ በጣት ያመለክቱታል።

ይህን የግድግዳ ጽሑፍ እንደ ሕግ የሚቀበሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን የአገሪቱ ሕግ የሚለው ሌላ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ አዝዟል፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ የደረሰው ሸማች ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት እንዲኖረው አድርጓል። ከዚህም አልፎ፣ ሸማች በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም የመጠበቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። ትሕትናና አክብሮት በአዋጅ መጻፉ ለአንዳንዱ ሰው ያስገርመው ይሆናል። እኛ ግን ሕግ አውጪው «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለውን የቆየ ምሳሌ በአንቀጽ እንዳሰፈረው አድርገን እንረዳዋለን። ዕቃው ቢያልቅ እንኳ በመልካም ፊት «ይቅርታ እናቴ፣ ለዛሬ አልቋል፤ ሐሙስ ይገባል» የተባለች ሴት እንደ ተሰደበች ሆና ወደ ቤቷ አትመለስም።

ለሻጮቹም ፍርድ መስጠት ይገባል። ብዙዎቹ ከማለዳ እስከ ማታ በእግራቸው የሚቆሙ፣ የሚከፈላቸው ጥቂት፣ የሚሰደቡት ግን ብዙ የሆኑ ወጣቶች ናቸው። ዕቃው ሲያንስ ያሳነሱት እነርሱ አይደሉም፤ የሰዉ ቁጣ ግን የሚያርፈው በእነርሱ ላይ ነው። ሻጭን «አንቺ» «አንተ» እያለ የሚጮህ፣ ገንዘብ የሚወረውር ደንበኛም ያንኑ አዋጅ ልብ ሊለው ይገባል። አክብሮት በመስኮቱ በአንድ በኩል ብቻ የሚያልፍ ነገር አይደለም።

ተራ መልቀቅ የማን ነው?

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ሰልፍ ምንጊዜም እንደ ብረት መጽናት አለበትን? ነፍሰ ጡር፣ አካል ጉዳተኛ፣ ሽማግሌ፣ ሕመምተኛ ቤቱ ትቶ የመጣ ሰው ሲመጣስ? ይህን አለመመልከት ከወጋችን ውጭ መሆን ነው። መልሱንም ከዕቁብ ማግኘት የምንችል ይመስለናል። በዕቁብ ችግር የገጠመው ሰው ዕጣ የሚያስለቅቀው ገንዘብ ያዡን በጓሮ አነጋግሮ አይደለም። ችግሩን ለማኅበርተኛው ያስታውቃል፤ ዕጣው የወጣለትን ሰው ይለምናል፤ እርሱም በፈቃዱ ይለቅለታል። ተራው የአባሎቹ ነውና ይቅርታውንም የሚሰጡት አባሎቹ ናቸው።

በሱቁም ሰልፍ እንዲሁ መሆን አለበት። የቸኮለ ሰው ፈቃድ መጠየቅ ያለበት ሻጩን ሳይሆን የተሰለፉትን ሰዎች ነው። «ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ሕመምተኛ ቤት ትቼ ነው፤ ብትፈቅዱልኝ» ብሎ በአደባባይ ለጠየቀ ሰው የአዲስ አበባ ሕዝብ እምቢ የሚል ልብ የለውም። ይህን ለመናገር ድፍረት ያጣ ሰው ግን፣ ምክንያቱ ለሰው ፊት የማይበቃ መሆኑን ራሱ ያውቀዋል ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

ወቀሳ ብቻ ጽፈን ብናቆም ለአንባቢያችን የሰጠነው ጥቂት ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ፣ ነገ ጠዋት ሊጀመሩ የሚችሉ ጥቂት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ በቅናሽ የሚሸጥ ሱቅ መስኮቱን ከመክፈቱ በፊት ምን ያህል ዕቃ እንዳለና ለአንድ ሰው ምን ያህል እንደሚደርስ በትልቅ ጽሑፍ ይለጥፍ። 200 ሰው የሚበቃ ዕቃ ካለ፣ ሁለት መቶ አንደኛው ሰው ከጠዋቱ ይወቀውና ወደ ሥራው ይሂድ። እውነቱን የተነገረው ሰው ቢያዝን እንኳ አይበደልም።

ሁለተኛ፣ ቁጥር ይታደል። በየባንኩ ቁጥር የሚሰጠው መሣሪያ ከገባ ወዲህ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ችሏል። ሱቅ መሣሪያ መግዛት ባይችል በካርቶን ላይ ቁጥር ጽፎ ማኅተም ማድረግ ይችላል። ቁጥር የያዘ ሰው መጋፋት አያስፈልገውም፤ ቦታው በእግሩ ሳይሆን በእጁ ነውና።

ሦስተኛ፣ ሻጮች ብዙ ቢሆኑም ሰልፉ አንድ ይሁን። ስለ ሰልፍ አሠራር በሒሳብ ከጻፉት ሰዎች ከቀደሙት አንዱ ኤርላንግ የሚባል የዴንማርክ ተወላጅ ነው። በኮፐንሐገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1909 ጽሑፉን አሳተመ። ከዚያ ወዲህ የተስፋፋው ይህ ትምህርት እንደሚያሳየው፣ በየመስኮቱ የተለያየ ሰልፍ ከማቆም ይልቅ አንድ ሰልፍ አቁሞ ከራሱ ላይ ወደ ተለቀቀው መስኮት መላክ የተሻለ ነው። በኋላ የመጣ ሰው በዕድል ብቻ አስቀድሞ የመጣውን አይቀድምምና።

አራተኛ፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን ቅድሚያ እንደሚሰጥ በግልጽ ተጽፎ ይለጠፍ። የተጻፈ ቅድሚያ አድልዎ አይባልም፤ አድልዎ የሚሆነው በሹክሹክታ የሚሰጠው ነው።

አምስተኛ፣ የጓሮው በር ሽያጭ በሚደረግበት ሰዓት ይቆለፍ። ለሠራተኞችና ለማኅበሩ አባሎች የሚደርስ ድርሻ ካለም መጠኑ ታውቆ በሁሉ ፊት ይሰጥ። የመልስ ችግርን በተመለከተ፣ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል ስለ ተቻለ፣ ማስቲካ በሳንቲም ፈንታ የሚሰጥበት ምክንያት እየጠበበ ሄዷል። ስልክ ለሌለው ሰው ደግሞ ባለ ሱቁ ዝርዝር ገንዘብ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይገባዋል።

እነዚህ ሁሉ የሻጩ ሥራዎች ናቸው። ለገዢው የሚቀረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በጓሮ በር «ና ግባ» የሚል ወዳጅ ሲጠራው «አይ፣ ተራዬን ልጠብቅ» ማለት ነው። ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ሰልፍ የሰበረውን እንግዳ መስደብ ለሁላችንም ቀላል ነው፤ የራስን ጥቅም መተው ግን ይከብዳል። ሁለተኛው፣ ሰልፍ ሲፈርስ ዝም አለማለት ነው። መጮህም መሳደብም አያስፈልግም። በታክሲ ሰልፍ ላይ እንዳየነው፣ አሥር ሰዎች በአንድነት በጨዋ ድምፅ «ወንድማችን፣ ሰልፉ ከወዲያ ነው» ያሉት ሰው አብዛኛውን ጊዜ አፍሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። ብቻውን የተናገረ ሰው ነገረኛ ይባላል፤ አብረው የተናገሩ ሰዎች ግን ሥርዓት ይባላሉ።

ከተማችን በየጊዜው መንገዷ ይሰፋል፤ ሕንፃዋም ይረዝማል። ነገር ግን የአንድን ከተማ ሥልጣኔ ለመመዘን የፈለገ ሰው ወደ ሕንፃው ጫፍ ማንጋጠጥ አያስፈልገውም። በበዓል ዋዜማ ወደ አንዱ ሱቅ ደጃፍ ሄዶ፣ በሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆሙትን፣ ማንንም የማያውቁትን፣ ማንም የማያውቃቸውን አሮጊት ይመልከት። እርሳቸው በመጡበት ሰዓት ልክ፣ በትክክለኛው ዋጋ፣ በመልካም ፊት ተስተናግደው የተመለሱ እንደ ሆነ፣ በዚያች ከተማ ፍርድ አለ። ተራ የተራ ሰው ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብም በዚያን ቀን ይቀራል፤ በተራ ፊት ሁላችንም ተራ ሰዎች ነንና።